የሚስተር ኮሺ ሐረግ

ሻዬ አሸዋ አሸዋ ማለት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ስኳር በሽታ ካገኘኝ ወዲህ ዶክተሩ ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ከሰዓት አንድ ማንኪያ ፈቅዶልኛል፤ እሱንም ፊቱን አጨማዶ ነው። ቂጣውን ቀንሺ፣ ማሩን ተዪ፣ ፍራፍሬውንም እያየሽ ሲለኝ ሁሉን እሺ ብዬ የቀረችኝ ይህቺው ማንኪያ ናት። ጠዋት ራሴ የማፈላው ሻይ እንደ ወትሮው ይጣፍጣል። ረዳቴ ሙሉ ከሰዓት የምታፈላልኝ ግን፣ ስኳሩ ሲገባ በዓይኔ እያየሁ፣ አፌ ሲደርስ አሸዋ ነው። ያው ጣሳ፣ ያው ማንኪያ፣ ያው ውሃ። የተለወጠው እጅ ብቻ ነው።

እኔ ጠርጣራ ነኝ፤ አልደብቅም። ወተት ስገዛ ከፊት የተደረደረውን ትቼ ከጀርባ የተሸሸገውን ነው የማነሳው። ፋርማሲ የሰጠኝን ክኒን ቤት ገብቼ ከወረቀቱ ጋር አስተያያለሁ። አውቶቡስ ላይ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ቦርሳዬን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ሙሉን ግን መጀመሪያ ላይ አልጠረጠርኳትም ነበር። የወልቂጤ ልጅ ናት፤ ሽማግሌና ሕመምተኛ ቤቱ ድረስ እየሄደች የምትረዳ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምትኖርበት ከዴ ሞይን እኔ እስካለሁበት ፌደራል ዌይ ድረስ እየነዳች መጥታ ምሳዬን ታቀርባለች፣ ስኳሬን ትለካለች፣ ተንበርክካ ደግሞ እግሬን ጣት በጣት ታያለች፤ ስኳር እግር ይበላል ብለው አስፈራርተውናልና። ሁለት ልጆች አሏት። አንቱ እያለች ታናግረኛለች። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ከመሣቢያ ምስማር ፈልጌ፣ አጥቤ፣ ስኳሩ ጣሳ ውስጥ ቀበርኩት።

ለማያውቅ ሰው ይሄ እብደት ነው። ለሚያውቅ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ሰላቢ የሚባል ሰው አለ፤ የቅቤን፣ የማርን፣ የእህልን በረከት ዕቃውን ሳይነካ ይወስዳል። ቅቤው በቦታው አለ፣ ወዙ የለም። እናቴ ብረት ሰላቢን ያግዳል ትል ነበር፤ ስለዚህ በቤታችን ቅቤ ቅሉ ውስጥ መርፌ፣ ስኳር ጣሳው ውስጥ ምስማር አይጠፋም። ይህን ያህል ዘመን አሜሪካ ኖሬ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ አርጅቼ፣ ምስማሩን ሳስገባ እጄ ትንሽ እንኳ አላመነታም። አፍሬ ነው የምጽፈው።

እናቴ ሻይ ቤት ነበራት። ከናዝሬት ወዲያ፣ ቆላው ላይ፣ አውቶቡስ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚቆምባት ከተማ ነበረች የኛይቱ። በሩ ሰማያዊ፣ ጠረጴዛዎቹ አራት፣ ልብሳቸው የወይን ዘለላ የታተመበት ላስቲክ። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥር ሳንቲም፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ያዘዘ ደንበኛ ደግሞ ጌታ ነው፣ ጠረጴዛው በጨርቅ ይወለወልለታል። ወጣቶቹ ሱሪያቸው ከታች እንደ ቃጭል የሰፋ፣ ሲራመዱ አቧራውን የሚጠርግ፣ አፍሯቸው ላይ ማበጠሪያ የሰኩ ነበሩ። አንደኛው ቴፕ ይዞ ይመጣና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው እየተጎተተ ይዘፍናል፤ ማንም ቅር አይለውም። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ በትሪ አቀርባለሁ። ኮንጎ ጫማዬ በሙቀቱ እየለሰለሰ ወለሉ ላይ ይጣበቅብኝ ነበር። ሰሞኑን በዝናብ ቀን መስኮት ሥር ስቀመጥ ያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከየት እንደሚመጣብኝ አላውቅም።

ሚስተር ኮሺ የሒሳብ አስተማሪያችን ነበር። ህንዳዊ ነው፤ ያኔ በየትምህርት ቤቱ ህንድ አስተማሪ አይጠፋም። ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ፣ የቆዳ ሰንደል፣ በኮኮነት ዘይት የተለሰነ ጸጉር። ዝናብ በማያውቃት ከተማ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ይዞራል። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን መጥቶ መስኮቱ ሥር ካለው ጥግ ይቀመጥና፣ "ሻይ፤ ስኳር የለም" ይላል። በዚያ ዘመን የብርጭቆው ሲሶ ስኳር ነው፤ ያለ ስኳር ሻይ የሚጠጣ ሰው አይተን አናውቅም። እናቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆና በዓይኗ ትከተለዋለች።

"ስኳር የማይወስድ ሰው ምን የሚወስድ ይመስልሻል?" ትለኛለች ቀስ ብላ።

ከቤቱ አጥር ላይ አንድ ሐረግ አሳድጎ ነበር፤ ፍሬውን ከአገሩ በጣሳ አምጥቶ ነው ይባላል። ቅጠሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት እየተያየ የሚወጣ፣ ሲዳስሱት ለስለስ ያለ ጸጉር ያለው። አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልብሶት ነበር። አንድ ቀን ከሐረጉ ቆርጦ ክፍል ይዞ ገባና ሒሳቡን ትቶ ስለሱ ነገረን። በእነሱ ቋንቋ ቻካራኮሊ ይባላል፤ ስኳር ገዳይ ማለት ነው። ቅጠሉን ያኘከ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ስኳር ቢቅም ጣዕሙን አያገኘውም። እሱ ራሱ ስኳር በሽታ እንዳለበት፣ እናቱ ከአገሩ ሲወጣ ይህን ፍሬ እንዳስያዘችው፣ በየጠዋቱ ሁለት ቅጠል እንደሚያኝክ ነገረን። ስሙን ሲጠራ በሳቅ ፈረስን፤ እሱም አብሮን ሳቀ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት አልሳቀችም። በእኛ ከተማ መድኃኒት የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ቅጠላቸውን ሰው ሳያያቸው ይቆርጣሉ፤ ስሙን ለልጃቸው እንኳ አይነግሩም። ስሙ የተነገረ መድኃኒት ኃይሉ ይሄዳል ነው የሚባለው።

"እውነተኛ መድኃኒት ቢሆን ስሙን ለእናንተ ይዘረግፍላችሁ ነበር?" አለች እናቴ። "አንድ ነገር አለው ይሄ ሰው።"

ምስማሩን ከጣሳው ውስጥ ያገኘችው ሙሉ ናት፤ ረቡዕ ዕለት ማንኪያው ቀጭ ሲልባት። አውጥታ አየችው፣ አጠበችው፣ ናፕኪን ላይ አኖረችው።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምስማር።"

"ምስማር መሆኑንማ አየሁ።" ድምፅዋ ወረደ። "እናቴም ቤት ነበረ። ማንን ፈርተው ነው?"

ለመለኪያው ጣቴን ዘረጋሁላት። ስኳሬን ለካች፣ ደብተሩ ላይ ጻፈች፣ እግሬን አየች። ያን ቀን እግሬን ስታይ ቀና ብላ አላየችኝም። በሩ ሲዘጋ ለልጄ ለሣራ ደወልኩላትና ይህቺ ልጅ ስኳሬን አንድ ነገር እያደረገችው ነው አልኳት። ሣራ ሊንውድ ነው የምትኖረው፤ እዚሁ ነው ያደገችው።

"ዋት ዱ ዩ ሚን፣ እማዬ?"

ሰላቢ የሚለውን በእንግሊዝኛ ከየት አመጣዋለሁ? "ትቀይረዋለች" አልኩ።

"ኦኬ። ኤጀንሲውን ኮል አደርጋለሁ" አለች። ሙሉን የሚልክልኝ ኤጀንሲ ተቆጣጣሪ ዓርብ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ልትመጣ ተቀጠረ። እንዲህ ያለ ክስ አንዴ ፋይል ላይ ከገባ ሌላም ቤት እንደማይቀጥሯት አውቃለሁ፤ ስንቶች እንዲህ ሲቀሩ አይቻለሁ። እያወቅኩ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

በልጅነቴ፣ በዚያው በሚስተር ኮሺ ዘመን፣ ስኳር በካርድ ሆነ። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ዛሬም አይጠፋም፤ እኔ የማውቀው ከቀበሌው ሱቅ ፊት ለፊት ካርዳችንን ይዘን መሰለፋችንን ነው። ሻይ ቤት ያላት ሴት በካርድ ስኳር ምን ትሆናለች? እናቴ ጣሳውን ዘንበል አድርጋ ወደ ውስጥ ስታይ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። እኔ ደግሞ የልጅ ነገር፣ አሰብኩ። ሚስተር ኮሺ ቅጠሉ ስኳር ይገድላል ብሏል። ቅጠሉን ከሻዩ ጋር ባፈላው ሰው ስኳር አያምረውም፤ ካላማረው አይጨምርም፤ ካልጨመረ ስኳራችን ይበረክታል። እናቴ ሳታውቅ ይበረክትላትና ትደነቃለች። ይህን ሳስብ ደስታዬ ሌላ ነበር።

ለገበያው ቅዳሜ ማለዳ ከአጥሩ እጄ የደረሰበትን ያህል ቅጠል መልምዬ በቀሚሴ ይዤ መጣሁ። ትልቁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምሬ ከሻይ ቅጠሉ ጋር አንተከተክሁት። እኔ አልቀመስኩትም፤ ያኔም ጠርጣራ ነበርኩ፤ ለሰው ያሰብኩትን ለራሴ ፈራሁት።

ገበያተኛው ገባ። መጀመሪያ አንዱ ነጋዴ ስኳር ጨምሪልኝ አለ። ጨመርኩ። አሁንም አለ። ከዚያ አጠገቡ ያለው፣ ከዚያ ሌላው። ማንም እንዳሰብኩት አልተወውም፤ ጣዕሙ በጠፋ ቁጥር ይጨምራሉ፣ በጨመሩ ቁጥር ይጠፋል። የወር ራሽናችን በአንድ ጠዋት ሲያልቅ ቆሜ አየሁ። በመጨረሻ አንዲት ቅቤ ሻጭ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ "ተዋበች፣ ስኳርሽ ተሰልቧል" አለቻት። ተዋበች እናቴ ናት። እሷም ከጠዋት ጀምሮ ከዚያው ማንቆርቆሪያ እየቀዳች ስትጠጣ ነበር፤ ጣቷን አርሳ ጣሳው ውስጥ ከተተችና ላሰች። ፊቷ አመድ መሰለ። "አሸዋ ነው" አለች።

ሁሉም ዞሮ ያየው ወደ ጥጉ ነው። በቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ሚስተር ኮሺ ማልዶ መጥቷል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ምንም ያልጎደለበት እሱ ብቻ ነበር፤ ያለ ስኳር ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው ጠጋ አደረገና አሸተተ። ትንሽ ፉት አለ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የራሱን ቅጠል አያጣውም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የከተማው ሽማግሌዎች፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርና የቀበሌው ሰው ሻይ ቤታችን ተሰበሰቡ። ሚስተር ኮሺን አስጠሩት። ጃንጥላውን በሩ አጠገብ አስደግፎ ገባና ከሐረጉ የቆረጠውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዳይሬክተሩ እየተረጎመለት ሚስተር ኮሺ ተናገረ።

"እባካችሁ ቅመሱት። ከዚያ ስኳር ቅመሱ። ትንሽ ቆይቶ የምላሳችሁ ጣዕም ይመለሳል። በሽታ አይደለም፣ አስማትም አይደለም።"

ማንም እጁን አልዘረጋም።

"ሰላቢ ያቀረበውን ማን ይቀምሳል" አለች እናቴ።

እሱም፣ "ከአጥሬ ላይ ቅጠል ተመልምሏል" አለ። "የተመለመለው እስከዚህ ድረስ ነው።" መዳፉን ከደረቱ ትንሽ ዝቅ አድርጎ አሳየ፤ ልክ የኔ ቁመት። "የወሰደ ልጅ ካለ ይናገር፤ እኔ አልቆጣም።"

እኔ ትሪ ይዤ ቆሜአለሁ። ሚስተር ኮሺ ስሜን አልጠራም። መጥራት ይችል ነበር፤ ጠበቀኝ። እኔ የኮንጎ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ብናገር እናቴ ደንበኞቿን ባልታወቀ ቅጠል መረዘች ይባላል ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። እውነቱ ዱላ ፈርቼ ነው።

ሰኞ ጎረምሶች በገጀራ ሐረጉን ከሥሩ ቆርጠው አቃጠሉት። ጭሱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ ገባ። ሚስተር ኮሺ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እየጻፈ ነበር፤ እጁን አላቆመም። ወሩ ሳያልቅ ለቆ ሄደ። በአውቶቡሱ መስኮት ጃንጥላውን ጉልበቱ መሀል ይዞ ተቀምጦ አየሁት። በኋላ ሚስተር ኮሺ ሌላ ከተማ ሆኖ እግሩን ታመመ ብሎ አንድ ሰው አወራ። እውነት ይሁን ሐሰት አላጣራሁም። ቅጠሉ ይጥቀመው አይጥቀመው እኔ አላውቅም፤ ግን እናቱ የሰጠችው ነበር። ሙሉ ተንበርክካ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ስታይ የማስበው ይህን ነው።

ሙሉ ዓርብ ዕለት የምትመጣው ለስብሰባው ብቻ ስለነበር ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። ሣራ ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ከአንድ የጤና ሱቅ ያመጣችልኝ የሚመጠጥ ከረሜላ አለ፤ ጣፋጭ እንዳያምርሽ ምሳ ስትበዪ አንድ አንድ ምጠጪ ያለችኝ። መጠጥኩ። ከዚያ ሻይ አፈላሁ፤ በገዛ እጄ። ስኳሬን ጨመርኩ። ፉት አልኩ።

አሸዋ።

ጣሳውን አየሁ፣ እጄን አየሁ። ሙሉ የለችም። ጠዋት ጣፋጭ፣ ከሰዓት አሸዋ። ምሳዬን የምበላው ሙሉ ባለችበት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሣራ ይዛኝ ስትወጣ ደግሞ ከረሜላውን እረሳዋለሁ። ሁሉን ስጠረጥር የራሴን አፍ መጠርጠር አልመጣልኝም። የከረሜላውን ካርቶን አንስቼ መነጽሬን አደረግሁ። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ከኋላ አይቼ ነበር ስቀበል፤ ፊቱን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም። አንድ ሐረግ ተሥሎበታል። ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ካርቶኑን ይዤ እንደተቀመጥኩ በሩ ተንኳኳ።

ሦስቱም አብረው ገቡ። ተቆጣጣሪዋ ወረቀት ያቀፈች፣ ፈገግታዋ የማይወርድ ፈረንጅ ናት። ሣራ ናፕኪኑ ላይ ያለውን ምስማር አይታ ከንፈሯን ነከሰች፤ ለሴትዮዋ በሹክሹክታ ሜሞሪ ምናምን ስትል ሰማኋት። ሙሉ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ቆመች።

"ቁጭ በይ ልጄ" አልኳት።

"ይሁን፣ እዚሁ ይሻለኛል።"

ካርቶኑንና የስኳሩን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ስኳሩ ምንም አልሆነም" አልኩ። "ይህቺን ምጠጡና ከዚያ ስኳር ቅመሱ።"

ሣራ ተረጎመች። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ሥራ ላይ ሆና ደንበኛ ቤት መብላት እንደማይፈቀድላት ተናገረች። ሣራ ደግሞ፣ "እማዬ፣ ፕሊስ፣ ኖት ናው" አለች። ማንም እጁን አልዘረጋም። ያኔ ሚስተር ኮሺ ምን እንደተሰማው ገባኝ።

ሙሉ መጣች። አንድ ከረሜላ አንስታ አፏ ውስጥ አስገባች። ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ እየሰማን ሦስታችንም ጠበቅናት። ከዚያ በማንኪያው ጫፍ ስኳር ወስዳ ቀመሰች።

"አሸዋ ነው" አለች። ማንኪያውን አስቀመጠች። "ሶ ምስማሩስ፣ እማማ?"

ሣራ ልትናገር ስትል እጄን አነሳሁባት። "ምስማሩ ለአንቺ ነው። ሰላቢ ናት ብዬ ነው የቀበርኩት።"

"ሰላቢ ምንድን ነው?" አለች ሣራ። 

ከዚያ የሚስተር ኮሺን ታሪክ ነገርኳቸው። ሣራ የቻለችውን ትተረጉማለች፣ የቀረውን ትዘለዋለች። ተቆጣጣሪዋ ትጽፋለች። ትሪ ይዤ የቆምኩበት ላይ ስደርስ ወደ ሙሉ ዞርኩ። "ቅጠሉን ያፈላሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ሳትሰማው ሞታለች። ሣራ መተርጎሟን ትታ አለቀሰች። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ሁላችንንም አየችና ወረቀቷን አጠፈች። ሙሉ ላይ ምንም ክስ እንደማይመዘገብ፣ ነገሩ እዚሁ እንደተዘጋ ተናገረች።

ሙሉ የኮቷን ቁልፍ ትቆልፋለች።

"ሰውየው በኋላ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"አልጠየቁም?"

"አልጠየቅሁም።"

ራሷን ነቀነቀች። ምስማሩን ከናፕኪኑ ላይ አንስታ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቼን በላዩ አጠፈቻቸው። እጇ ሞቃት ነበር። "ደህና ይዋሉ፣ እማማ" ብላ ወጣች። ይቅር ብላኛለች ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜና እሑድ ሰኞን ስጠብቅ ዋልኩ፤ ለልጆቿ የሚሆን ነገር ሣራን አስገዝቼ በር አጠገብ አስቀምጬ ነበር።

ሰኞ ሌላ ልጅ መጣች። ሙሉ ራሷ ቅያሬ ጠይቃ ነው አሉኝ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አላለችም። አዲሷ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ቀልጣፋ ናት፤ እግሬንም አየችልኝ። ምሳ ከበላሁ በኋላ ሻዩን አፍልታ ጣሳውን ከፈተች።

"ስኳር ስንት ማንኪያ ላድርግልዎት?"

"ስኳር የለም" አልኳት።

ጣሳውን አየች፣ እኔን አየች። አንድ ነገር እንደጠረጠረች ዓይኗ ላይ አነበብኩ። ሻዬን ተቀብዬ መስኮቱ ሥር ካለው ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ።